የመረቡ ዓይን

ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት፤ ከአሞራ ገደል በላይ፣
የማኅበሩ አዳራሽ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ
ሲንቋቋ፣ ሲንጣጣ፤ ወንበሩ ሠላሳ፣
ሰዉ አርባ ሰባት፤ ሽታው ሁሉ ዓሣ።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣
ቀኑን ከላይ ጻፍኩኝ እስክሪብቶ ጨብጬ።

አማካሪው ወጣት፣ ስሙ በእምነት ነው፣
ጭቃችን ጫማውን ገና በር ላይ ቀመሰው።
ከሰሌዳው ወረቀት መስቀል አሰመረ፣
አራት ቤት ከፈለ፤ እንዲህም ጀመረ፦
«እዚህ ጥንካሬያችሁ፣ እዚህ ድክመታችሁ፣
ከታች ዕድላችሁ፣ እዚያ ስጋታችሁ።
ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦
የዛሬ አሥር ዓመት ስመጣ
የት ቆማችሁ ላግኛችሁ?»

ዝም።
ከግንቡ ጫፍ ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሞ
በመስኮት ያየናል አንገቱን አጣሞ፣
ደረሰኝ እንደጎደለው ኦዲተር።

መጀመሪያ የሳቀች አመለወርቅ ነበረች፣
ቢላዋዋን በሽርጧ እየጠረገች፦
«አሥር ዓመት አልከኝ? ይኸውልህ ቆሮሶ፣
ከሁለት ሰዓት ኋላ ማን ያየዋል መልሶ?
ቤቴም እንዲሁ ነው፤ የጠዋቱ ለማታ፣
የማታው ለኪራይ፤
ነገ የሚሉት እንግዳ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም።»

ሸምሱ ባለበረዶው ተነሣ፣ ቀጠለ፣
«እቅድ ማለት ማሽን፣ ማቀዝቀዣ» አለ፤
«ብድሩን እኔ ላምጣ፣ እናንተ አስይዙ።»
ምን እንደምናሲዝ አልተናገረም።
ጀልባዎቹ ከታች ይወዛወዛሉ።

አንዱ መብራት ይላል፣ አንዱ መንገድ ይላል፣
አንዱ «ሐይቁ ሞልቶ ደጄን ይልሰዋል»፤
በእምነት በየቤቱ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣
ከአራቱ ሣጥን ግን የስጋቱ ይበዛል።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።
ግድግዳው ላይ በብርሃን ተጽፎ የነበረው
«ራእይ» የሚለው ቃል
ብልጭ አለ፣ ጠፋ፤ ኖራው ብቻ ቀረ።

ላሚሶ ሌዳሞ ከኋላ ተነሣ፤
ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ መናገር የረሳ
ይመስላል ሁልጊዜ።
ከማዳበሪያ ጆንያ ጎትቶ አወጣና
አሮጌ መረቡን፣ ሦስት ጣት ሰካ፤ ቀና
አድርጎ አሳየን፦

«ይኸው ዓይኑ።
በአባቴ ጊዜ በዚህ ነበር የምናየው።
ሦስት ጣት ያልሞላ ይለፍ፣ ይሂድ እንል ነበር፤
ይውለድ፣ ይክበድ፣ ኋላ እንገናኛለን።
ከዚያ ዓይናችን ጠበበ። ሁለት ጣት። አንድ ጣት።
አሁን በሌሊት የሚጣለው
የክብሪት እንጨት አያሳልፍም።
አንተ ልጅ፣ ዓይናችሁ የት ነው ብለኸናል፤
ዓይናችንማ ይኸው፣ ገበያ ይሸጣል፣
በሜትር።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን።
ክረምቱን ሐይቁ ይረፍ። እኛን ማን ያሳርፈን?
ከየኪሎው አንድ ብር ይቀመጥ። ማን ጋ?
(የቀድሞው ገንዘብ ያዥ የት እንደገባ
ስለማይነሣ፣ ሁሉም ጉሮሮውን ጠረገ።)
ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው ተባለ፤
አንዱ አመለወርቅ አንገት ላይ ዋለ።

ሠላሳ አንድ እጁን አወጣ፤ ዘጠኝ ተቃወመ፤
ሰባቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ከረመ።
«በድምፅ ብልጫ ጸደቀ»
ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ያልጻፍኩት፦
ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ።
አልጋዬ ሥር መረብ አለ፣ ባለ አንድ ጣት፤
ያለፈው መስከረም የልጄን ደብተር፣ ቦርሳ፣
የሁለት ወር ክፍያ የቻለልኝ እሱ ነው።

ማታ አወጣሁት።
ትንሿን ጣቴን ሞከርኩ፤
እስከ ጥፍሯ ሥር ገብታ ቆመች።
ልጄ ከፍራሹ ቀና ብሎ
«አባ፣ ምንድን ነው የምትለካው?» አለ።
ስምንት ዓመቱ ነው። እቅዱ ሲያልቅ አሥራ ስምንት።
«አንተን» የሚል ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤
ዋጥኩትና
«መቀሱን አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ፤ ተመልሶ ተኛ።
ይኸው ወፎቹ ጮኹ፣ ጀልባ ሲገፋ ይሰማል፣
መቀሱ ጭኔ ላይ ነው።
ገና አልቆረጥኩም።